የአያ ተድላ አንድ ዓይን

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ አፍንጫ ሥላችሁ ታውቃላችሁ? ከፊት ለፊት ማለቴ ነው። ካላወቃችሁ አትሞክሩት። ካወቃችሁ ደግሞ ይህን ወግ ለሌላ ሰው አቀብሉና እናንተ ወደ ሥራችሁ ሂዱ። ዓይን ቀላል ነው፤ ሁለት ዓሣ አስተኝቶ መሃላቸው ላይ ነጥብ መጣል ነው። አፍም እንደ ባለቤቱ ነው፤ ከዘጋችሁት ዝም ይላል። አፍንጫ ግን ከፊት ለፊት ሲታይ መነሻውም መድረሻውም አይያዝም። እኔ ስሠራው አንዳንዴ በርበሬ ይሆናል፣ አንዳንዴ የበቅሎ ኮርቻ። አንድ ቀን እጄ ቀንቶት ጭልፋ ሆነ፤ ከሁሉም የተሻለው እሱ ነበር።

ጎንደር ይህን ጉድለቴን ሳታውቅ ነው እንግዲህ ትልቁን ሥራ የሰጠችኝ።

ጊዜው ጣሊያን ከወጣ ጥቂት ዓመታት ያለፉበት ነው። በከተማችን አያ ተድላ የሚባሉ ታፔላ ጸሐፊ ነበሩ። ያኔ ፒያሳችን ሕንፃውም ጽሕፈቱም የጣሊያን ነበር፤ ዳቦ ቤቱም፣ ጋራዡም፣ ጸጉር ቤቱም ስሙ የተጻፈው በባዕድ ፊደል ነው። ጠላት ሲወጣ በየግድግዳው የቀረውን ጽሕፈት ኖራ ቀብተው ያጠፉት፣ በላዩም የራሳችንን ፊደል አንድ በአንድ የተከሉት አያ ተድላ ናቸው። ከአዘዞ እስከ ቀሃ ከእሳቸው እጅ ያልወጣ ታፔላ ፈልጎ የሚያገኝ ሰው ቢኖር ከኪሴ እሸልመዋለሁ። በጭነት ማኪናዎች ግንባር ላይ ደግሞ «እግዜር ያውቃል» እያሉ ይጽፉ ነበር። ሾፌሮቹ እግዜር ካወቀ ብለው ፍሬናቸውን ማሳየት መተዋቸው የጽሕፈቱ ጥፋት አይደለም።

እኒህ ሰው እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ቀጥ ይል የነበረው መስመራቸው እንደ ቀሃ ወንዝ መጠማዘዝ ያዘ። አንድ ቀን ብሩሻቸውን አጥበው ሰቀሉና ወደ ትውልድ አገሬ ወደ ዳባት ልመለስ ነው አሉ። የከተማው ነጋዴ ይህን ሲሰማ ደነገጠ። ተሰብስቦም መከረና እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ፒያሳ ላይ ጋቢ ሊያለብሳቸው፣ መልካቸውና ስማቸው ያለበት ትልቅ ፖስተርም በሲኒማ ቤቱ ግድግዳ ላይ ሊያስለጥፍ ወሰነ። ልብ በሉ፤ የሰውን ሁሉ ስም ሲጽፉ የኖሩት ሰው የራሳቸው ስም በከተማው ውስጥ አንድም ቦታ ተጽፎ አያውቅም። ያላቸው ያቺ እሑድ ብቻ ነበረች። ከዚያ ወዲያ ዳባት ነው፤ ፖስተሩ ከተበላሸ ደግሞ መሳቂያ ሆነው ነው የሚሄዱት። እወዳቸው ስለነበር ነገሩ እንቅልፍ ነሥቶኝ ነበር።

ለምን እኔ ተመረጥኩ? አዲስ አበባ ሄዶ ሥዕል ተምሮ መጥቷል ተብሎ ይወራ ነበር። እኔ የተማርኩት ካርታ መሣል ነው። ይህንኑ ነጋዴው ላቋቋመው ኮሚቴ ሊቀ መንበር ለግራዝማች ደስታ ብነግራቸው ከት ብለው ሳቁ።

«ተራራ የሣለ እጅ አፍንጫ ያቅተዋል?» አሉኝ።

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። «አያቅተውም» ብዬ ወጣሁ።

ወረቀቱን ወለል ላይ ዘርግቼ ቁጭ አልኩ። ከፊት ለፊት ብጀምራቸው በርበሬ፤ ባጠፋ፣ ደግሜ ብሠራ ኮርቻ። አያ ተድላ በእኔ እጅ ላይ ዘመድ አዝማዳቸውን ሁሉ መስለው ሲያበቁ ራሳቸውን ብቻ መምሰል እምቢ አሉ። በመጨረሻ በብስጭት ፊታቸውን ወደ ጎን ባዞረው፣ ምን ልበላችሁ፣ አፍንጫው ተራራ ሆኖ አረፈው። የወገራን ገመገም ካርታ ላይ መሣል የለመደው እጄ ከግንባራቸው ተነሥቶ ቁልቁል ወረደ፣ ጫፉ ላይ ትንሽ አረፈ፣ ከንፈራቸውን ተሻግሮ አገጫቸው ላይ ሰፈረ። አልሸሹም ዞር አሉ ይባል የለ? አያ ተድላም ዞር አሉ፤ ራሳቸውን ቁርጥ መስለው።

ስማቸውን ልጽፍ ብል ጥቁሩ ቀለም ሳልከድነው አድሮ ደርቋል። ለጽሕፈት የሚበቃ የቀረኝ ቀይ ብቻ ስለነበር በቀይ ጻፍኩት። ደግሞም ፊታቸውን ከወረቀቱ ዳር ስለጀመርኩ ገሚሱ ባዶ ቀርቷል። እዚያ ላይ የፋሲልን ግንብ ልሠራበት አስቤ ነበር፤ የመስኮቱን ብዛት ሳስብ ወገቤን ስላመመኝ ተውኩት። ዲዛይን የሚባለው ነገር በእኔ ቤት የተወለደው እንዲህ ነው፤ አንዱ ከአፍንጫ፣ አንዱ ከክዳን፣ አንዱ ከስንፍና።

ሐሙስ ዕለት ኮሚቴው የጨርቅ ነጋዴው ሐጂ ኑሩ ሱቅ ጓዳ ውስጥ ተሰበሰበ። ግራዝማች ደስታ አሉ፤ ባለሱቁ ሐጂ ኑሩ አሉ፤ የቤተ ክርስቲያኑ ሊቅ መሪጌታ ይባቤ አሉ። ፖስተሩን ከጨርቅ ጣቃዎቹ ላይ ዘረጋሁት። ሁሉም አንገታቸውን አስግገው ተመለከቱት። እኔ ሞኙ አድናቆት መስሎኝ ወደ ኋላ ብዬ እጄን አጣመርኩ።

«ይኸ ነጩ ሜዳ ምንድን ነው?» አሉ ግራዝማች።

የተማረ ሰው ምክንያት አያጣም። «ትንፋሽ ነው» አልኩ።

«የማን ትንፋሽ?»

«የሥዕሉ። ዓይን ሄዶ እንዲያርፍበት ነው።»

«ዓይን ምን ተሸክሞ ደከመው? እኛ ቀለም የገዛንልህ እንድትቀባ ነው እንጂ እንድታሳርፍ አይደለም።»

ሐጂ ኑሩ ጢማቸውን እያሻሹ ጣልቃ ገቡ። «ልጁ እውነት አለው፣ ግራዝማች። ጣቃው ዳር እስከ ዳር አበባ ሲሆን ደንበኛዬ ራሴን አዞረኝ ይላል። ሜዳ ያለው ጨርቅ ነው ቶሎ የሚሄደው።»

በአንዱ አሸነፍኩ ብዬ ደረቴን ነፋሁ። ካያያዝ ይቀደዳል ካነጋገር ይፈረዳል የተባለውን ዘነጋሁት፤ መሪጌታ መነጽራቸውን አጥልቀው ጎንበስ አሉ።

«ስሙን በቀይ መጻፍህ ምነው?»

ይህ እንኳ ለማያውቅ ሰው ትንሽ ማብራሪያ ይፈልጋል። በብራና መጻሕፍታችን ላይ በቀይ ቀለም የሚጻፈው የአምላክ፣ የእመቤታችንና የቅዱሳን ስም ነው። ሌላው ሰው፣ ባለጸጋም ይሁን ባለሥልጣን፣ በጥቁሩ ይበቃዋል። እኔ ይህ ጠፍቶኝ አይደለም፤ የደረቀው ቆርቆሮ ነው ጉድ የሠራኝ።

«ቀይ ከሩቅ ይታያል ብዬ ነው፣ መሪጌታ። ከአዘዞ የሚመጣ መንገደኛ…»

«ከአዘዞ ሁኖ ይኸን የሚያነበው በምን ዓይኑ ነው?» አሉና ዓይን ሲሉ ዓይናቸው የሥዕሉ ዓይን ላይ አረፈ። ቀና አሉ። መነጽራቸውን ወልውለው እንደገና ጎንበስ አሉ። «ሁለተኛው ዓይኑስ?»

«በዚያ በኩል ነው ያለው» አልኩ።

«በየት በኩል?»

«ማለቴ… በስተጀርባ።»

መሪጌታ ወረቀቱን ገልብጠው አዩት። በስተጀርባ ምንም የለም።

የቤተ ክርስቲያናችንን ግድግዳ ያየ ሰው ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ ገብቶታል። እዚያ ጻድቅ የሚሣለው ፊት ለፊት ሆኖ በሁለት ዓይኑ ነው። ፊቱ ወደ ጎን ዞሮ ባንድ ዓይኑ የሚያይ ከሆነ ወይ ሰይጣን ነው፣ ወይ ይሁዳ፣ ወይ ጌታን ከሰቀሉት አንዱ ነው። ማንበብ የማይችል ገበሬ እንኳ ዓይን ቆጥሮ ማን ምን እንደሆነ ያውቃል። እኔም ይህን እያወቅኩ ነው ያደግኩት፤ ግን አፍንጫ ያስጨነቀው ሰው ስለ ዓይን ማሰቢያ ጊዜ የለውም።

ይህ ሁሉ ሳያንስ የአያ ተድላ ባለቤት እትዬ ጥሩነሽ የጋቢውን ጥለት ሊመርጡ ወደ ሱቁ መጥተው ኖሯል። ከመጋረጃው በኩል ገቡና ፖስተሩን አዩት። እየጮኹ ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ወደ ሥዕሉ ቀረቡ።

«ልጄ፣ ምን በደለህ?» አሉኝ ቀስ ብለው። «አንድ ዓይኑን ምን አደረግከው? ትናንት ማታ ሁለቱንም ይዞ ነው የተኛ።»

ራሴን ከጣቃዎቹ ጋር ጠቅልዬ መደርደሪያው ላይ ብወጣ ደስ ባለኝ።

ሐጂ ኑሩ አዘኑልኝ መሰለኝ፣ ከኪሳቸው አዲሱን ስሙኒ አውጥተው ከፖስተሩ አጠገብ ጠብ አደረጉት። «እስቲ ይኸን እዩት» አሉ። «ጃንሆይም እኮ በጎናቸው ናቸው።»

ጃንሆይ ሲባል ግራዝማች ከመቀመጫቸው ተነሡ። እሳቸው ሲነሡ ሁላችንም ተነሣን። አምስት ሰው ቆሞ ስሙኒ አየ። እውነትም ጃንሆይ ወደ ጎን ዞረዋል፤ የሚታየውም አንድ ዓይናቸው ነው። ከዚህ በኋላ ባለ አንድ ዓይን ኃጥእ ነው የሚል ጀግና ከየት ይምጣ? ዳንኩ ብዬ ልተነፍስ ስል ግራዝማች ወደ እኔ ዞሩ።

«ታዲያ አንተ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ተድላን ከማን ጋር ማስተካከልህ ነው?»

ከድጡ ወደ ማጡ ማለት ይኸው ነው። ከይሁዳ ማኅበር ስወጣ ጃንሆይን የደፈረ ሰው ልሆን ምንም አልቀረኝ። ሐጂ ስሙኒያቸውን ቶሎ ብለው ወደ ኪሳቸው መለሷት። ፍርዱም ተሰጠ፦ አርብን ውዬ በመሪጌታ መሪነት ሌላ ፖስተር እሠራለሁ፣ ሁለት ዓይን ያለው፣ ባዶ ቦታ የሌለው፣ ስሙም ጥቁር። ቅዳሜ ገበያ ነውና ለሙከራ ተሰቅሎ ሕዝብ ያየዋል።

አርብ ዕለት መሪጌታ ከጀርባዬ ቆመው መቋሚያቸውን ተደግፈው አሠሩኝ።

«ዓይኑን አሳድገው።»

«መሪጌታ፣ የአያ ተድላ ዓይን እኮ ትንሽ ነው።»

«ትንሽ ዓይን ያለው ደግ ሰው አይቼ አላውቅም። ጨምር።»

ጨመርኩ። የአፍንጫውን መላም እሳቸው ሰጡኝ፤ ሁለት መስመር ከቅንድቡ አውርደህ ከታች ግጠመው፣ ያባቶቻችን አፍንጫ ይኸው ነው አሉኝ። ስንት ሌሊት ያስለቀሰኝ ነገር ባንድ ትንፋሽ አለቀ። ባዶው ቦታ በግንብ፣ በአበባና በእርግብ ተሞላ። አያ ተድላ ቢጫ ክብ የሣር ባርኔጣ አላቸው፤ ያለሷ አይታዩምና ከራሳቸው ኋላ ሣልኳት። በእጃቸውም ብሩሻቸውን ቀጥ አድርጌ አስያዝኳቸው። ስሙ ብቻ ቀረ፤ ጥቁር ቀለም የሚያመጣው ማኪና ቅዳሜ ከሰዓት ነው የሚገባው። ራቅ ብዬ ሳየው አንድ ነገር ከነከነኝ። ግን ደክሞኝ ስለነበር ሄጄ ተኛሁ።

ቅዳሜ በጠዋት ሲኒማ ቤቱ ግድግዳ ላይ ሰቅዬው አጠገቡ ቆምኩ። መጀመሪያ የመጡት ዶሮ ተሸክመው ለገበያ የወጡ አሮጊት ናቸው። ቆም አሉ። ዶሮዋን መሬት አስቀመጡ። ነጠላቸውን አመሳቅለው አጣፉና ግድግዳውን ሦስቴ ሳሙ።

ምን ላድርግ? እንዳልናገር፣ አሮጊት በጸሎት ላይ ናቸው። እንዳልስቅ፣ የሣልኩት እኔ ነኝ። ጥቂት ቆይቶ ከኋላቸው ሌሎች ተሰለፉ። ከወገራ የመጣ አንድ ገበሬ «ይኸ የትኛው ጻድቅ ነው?» ብሎ ጠየቀ። አጠገቡ ያለው፣ ምንም የማያውቅ ሰው ሁሉ እንደሚያደርገው፣ ፈጥኖ መለሰለት። «የጸበሉን መርጫ እንደያዘ አታይም? ለሚያብጥ እግር ፍቱን ነው።» ወዲያው አንድ ወይዘሮ እግራቸውን አስጠግተው ቆሙ። ገበሬውም እጁን ዘርግቶ ዝናቡን በወቅቱ ካመጣህልኝ አንድ ጠቦት አገባለሁ ብሎ ተሳለ። ያቺ ቢጫ ባርኔጣ የብርሃን አክሊል መስላ ጉድ እንደሠራችኝ የገባኝ ያኔ ነው።

በዚህ መሃል ማን ቢመጣ ጥሩ ነው? አያ ተድላ። ለመንገዳቸው ገመድ ሊገዙ መውጣታቸው ነው። ሰልፉን አዩ፣ ሥዕሉን አዩ፣ ያቺኑ ባርኔጣቸውን ከራሳቸው አወለቁ፣ አማተቡ፣ ለገዛ ሥዕላቸው ጎንበስ ብለው እጅ ነሡ።

«ሸጋ ሥዕል ነው ልጄ» አሉኝ ሲያልፉ። «የማን ታቦት ነው?»

«ገና አልታወቀም፣ አያ» አልኳቸው።

መሪጌታ ሲደርሱ ስለቱ ወደ በሬ ከፍ ብሎ ነበር። ፊታቸው ዐመድ መሰለ። «አውርደው!» አሉኝ፤ «የታፔላ ጸሐፊ ልታስመልክ ነው?» ግራዝማችና ሐጂም ተጠርተው መጡ። ጥቅልሉን አቅፌ መንገድ ዳር ቆምኩ፤ ሦስቱም ሽማግሎች ከበቡኝ። እሑድ ነገ ነው። ባንዱ ፖስተር አያ ተድላ ይሁዳ ናቸው፣ በሌላው አክሊል ደፍተዋል፤ ሰው የሆኑበት ፖስተር የለንም። ያን ጊዜ ተናደድኩ። በጉባኤው የዘባረቅኩትን ሁሉ ትቼ በልቤ ያለውን ተናገርኩ።

«እስቲ ተጠየቁልኝ» አልኩ። «አያ ተድላን ፊት ለፊት የሚያውቃቸው ማነው? ዕድሜያቸውን ሙሉ መሰላል ላይ ሆነው ወደ ግድግዳ ዞረው ነው የኖሩት። እኛ የምናውቀው ጎናቸውን ነው። እርሳስ የተሰካበትን ጆሯቸውን ነው። ስንጠራቸው እንኳ ብሩሻቸውን ሳያነሡ ነው አቤት የሚሉን። ፊታቸውን ለእኛ ስም ሰጥተው ለእኛ ጎናቸው ብቻ ተረፈን። ስለዚህ ነው በጎናቸው የሣልኳቸው።»

ተናግሬ ስጨርስ ከሁሉም ይልቅ የገረመኝ እኔ ነኝ። ስለዚያ ፖስተር የተናገርኩት የመጀመሪያው እውነት እሱ ነበር፤ እስክናገረው ድረስ እኔም አላውቀውም ነበር።

ሐጂ ኑሩ «ወላሂ እውነቱን ነው» አሉ። «የሱቄን ታፔላ ሲጽፍ ስንት ቀን ሻይ አቀብዬዋለሁ፤ ዓይኑ ምን እንደሚመስል ብትጠይቁኝ አላውቅም።»

መሪጌታ ግን ማስረጃ የሚወዱ ሰው ናቸውና «ይፈተን» አሉ። የመጀመሪያውን ፖስተር ከሱቁ አስመጥተን ሰቀልነው፤ ቀዩን ስም በመሪጌታ ነጠላ ሸፈንነው። ብዙም አልቆየን። አንድ የጭነት ማኪና ሾፌር ከመንገዱ ማዶ ቆም አደረገና ራሱን በመስኮት አወጣ።

«አያ ተድላ!» አለ ወደ ግድግዳው። «የማኪናዬ ጽሕፈት እኮ ለቀቀ። ምነው ጠፉ?»

ፖስተሩ አልመለሰለትም። ሾፌሩም መልስ አልጠበቀም፤ አያ ተድላ ሥራ ላይ ሲሆኑ እንደማይዞሩ ያውቃል። ማርሹን አስገብቶ ሄደ።

ግራዝማች ሳቃቸውን መቆጣጠር አቅቷቸው ሐጂን ተደገፉ። መሪጌታ ነጠላቸውን አንሥተው ቀዩን ስም አዩ፣ አንዱን ዓይን አዩ፣ እንደገና ስሙን አዩ።

«ይቅር፣ አትንካው» አሉኝ በመጨረሻ። «ቀዩ ከፍ ያደርገዋል፣ ዓይኑ ዝቅ ያደርገዋል። ሰውም ይኸው ነው።»

እሑድ ፒያሳ ሞላ። ፖስተሩን የሸፈነውን ጨርቅ የጎተትኩት እኔ ነኝ። ጨርቁ ወርዶ ሳይጨርስ ሕዝቡ «አያ ተድላ!» ብሎ ባንድ አፍ ተጣራ፤ እልልታውም ከግንቡ ማዶ ተሰማ። እሳቸው ግን ወደ ፖስተሩ ሄዱ። ከዚያ አዲስ ታፔላ ሰቅለው ሲጨርሱ እንደሚያደርጉት ወደ ኋላ አፈገፈጉና አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ራሳቸውን ዘመም አደረጉ። እኔም ፍርዴን ጠበቅኩ። ፊቱን ብዙም አላዩትም። ስማቸውን ነው፣ ያንን ቀይ ስማቸውን፣ ከመጀመሪያው ፊደል እስከ መጨረሻው በጣታቸው አየር ላይ እየተከተሉ ያነበቡት።

«ቀጥ ብሏል» አሉ።

በእሳቸው አፍ ከዚህ የሚበልጥ ምስጋና የለም። ከዚያም ወደ ሕዝቡ ዞሩ። ሁላችንም ፊታቸውን ፊት ለፊት አየነው፤ እንባ ሞልቶት ነበር። ጋቢውን ሲለብሱ የተደረገውን ጭብጨባ ዛሬም ሳስበው ይሞቀኛል። ደስታዬን አልደብቃችሁም፤ ያን ዕለት ከእኔ የበለጠ ሠዓሊ ከምፅዋ እስከ ሞያሌ አልነበረም፤ አፍንጫ ካልጠየቃችሁኝ በቀር።

ሕዝቡ ሲበተን እትዬ ጥሩነሽ ወደ እኔ ሲመጡ አየሁ። ድሌን ሁሉ ረስቼ ከሐጂ ኑሩ ጀርባ ልገባ ስል እጄን ያዙኝ። ፖስተሩን ቀና ብለው አይተው ወደ እኔ ተመለሱ።

«ያ ዓይኑ የከተማው ይሁን» አሉኝ። «ሲያየው የኖረው ከተማው ነው። የቀረው ዓይኑ ግን የእኔ ነው። በዚያኛው ጎኑ ሥለህ ስጠኝ፤ ዳባት ይዤው እሄዳለሁ።»

ሰኞ ጠዋት ቤታቸው ሄድኩ። አያ ተድላ ያኛውን ጎናቸውን ወደ እኔ አድርገው በርጩማ ላይ ተቀመጡ፤ እንደ ልማዳቸው ፊታቸውን ለግድግዳው ሲሰጡ እትዬ ጥሩነሽ የራሳቸውን በርጩማ አምጥተው በግድግዳውና በባላቸው መካከል ቁጭ አሉ።